ለማንም አላድርም ያለው ሰው

በሰምፓይ ወንዝ ዳር ላንጋይን የሚያነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንዳንዱ ከሀፍረት፣ አንዳንዱ ከንዴት፣ አንዳንዱም ምን እንደሚሰማው ስለማያውቅ። እኔ የአክስቱ ልጅ ነኝ፤ ስሜ ጋራይ ይባላል፤ በጀልባ ሰው ማመላለስ ነው ሥራዬ። ሲሄድም ሲመለስም ያደረስኩት እኔ ስለሆንኩ የሆነውን እንደሆነ መናገር እችላለሁ።

ላንጋይ አስተማሪ ነበር። ከወንዙ ማዶ ባለችው ትንሽ ትምህርት ቤት የወንዛችንን ልጆች ግማሽ ያህሉን ፊደል ያስቆጠረው እሱ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲናደድ የሚንተባተብ ሰው ነው። ተማሪዎቹ ሲንተባተብ ይስቃሉ፤ እሱም አብሯቸው ይስቅና ንዴቱ እዚያው ይቀራል። ሚስቱ ሜንጋ በምንጣፍ ሥራ የታወቀች፣ በምላሷ ደግሞ የበለጠ የታወቀች ሴት ናት። አንድ ልጃቸው ሌኛ ወደብ ከተማ አግብታ ትኖራለች። በእኛ ቤት ሃያ ምናምን ቤተሰብ በአንድ ረጅም ጣሪያ ሥር ተደርድሮ ይኖራል፤ ከየበራችን ፊት ደግሞ ሁላችንም የምንጋራው በረንዳ አለ። የላንጋይ በር ከእኔ ቀጥሎ ነው። ጉንፋን ሲይዘው ሳሉን የምሰማው እኔ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው ኮረብታችን ላይ ዶዘር የወጣ ዕለት ነው። የፓልም ዘይት ኩባንያ መሬቱን ከመንግሥት ተከራይቻለሁ ብሎ መጣ። አያቶቻችን የዘሩበት፣ የተቀበሩበት ኮረብታ ነው። «ማን ፈቀደላችሁ?» ስንል ወረቀት አሳዩን፤ ከወረቀቱ ግርጌ እኛው የመረጥነው የምክር ቤት ተወካይ ፈርሞበታል። ለምርጫ ሲመጣ በረንዳችን ላይ ተኝቶ፣ ከሩዝ ጠላችን ጠጥቶ፣ ከሴቶቻችን ጋር ጨፍሮ የሄደው ሰውዬ።

የዚያን ሰሞን የቤታችን አለቃ አኪ ሳባንግ ሰው ሁሉ በረንዳው ላይ እንዲሰበሰብ አደረገ። አኪ ማለት አያት ነው፤ የራሳችን አያት ባይሆንም፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራው።

«እስከ ዛሬ የላክናቸው ሁሉ የፓርቲ ሰዎች ናቸው» አለ። «ሲሄዱ የእኛ ናቸው፣ ሲደርሱ የሌላ ናቸው። አሁን ፓርቲ የሌለው ሰው፣ ከዚሁ ከበረንዳችን፣ ብቻውን እንልካለን።»

ሁሉም ዞሮ ላንጋይን አየው። ከእሱ በቀር ቢሮ ገብቶ መናገር የሚችል አልነበረንም።

ሜንጋ ምንጣፏን ሳትለቅ፣ «ብቻውን የሚዋኝ ሰው የአዞ ነው» አለች። «ደሞስ ለመወዳደር አስተማሪነቱን መልቀቅ አለበት። ጡረታውን ልታስበሉት ነው?»

«የሌኛ እናት፣ እዚህ በረንዳ ላይ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ተርቦ ያደረበትን ቀን ታስታውሻለሽ?»

«አላስታውስም፣ አኪ። ግን እዚህ በረንዳ ላይ ሰው በቁሙ ሲታማ ያላደረበትንም ቀን አላስታውስም።»

ሰው ሳቀ። ላንጋይ አልሳቀም። ተነስቶ ቆመ፤ መንተባተብ ሲጀምር ከልቡ መሆኑ ገባን።

«እ... እሄዳለሁ። ለማንም አላድርም። ከማንም ወገን አልገባም። መሬቱን አሳልፌ አልሰጥም።»

አኪ ሳባንግ ነጭ አውራ ዶሮ አስመጥቶ አረደና ደሙን የላንጋይ መዳፍ ላይ ቀባው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቃል ቀልድ የለውም። ሜንጋ ገብታ በሩን ዘጋች።

የላንጋይ የምርጫ ምልክት ቁልፍ ነበር። የገዢው ፓርቲ እጩ ቶማስ ኡጃን የሚባል የከተማ ነጋዴ ነው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የሰው ስም የማይረሳ። ሰዎቹ በትልቅ ጀልባ በድምፅ ማጉያ እየጮሁ ያልፉናል፤ «መምህር! ቁልፉንስ ይዘሃል፣ በሩ የታል?» ይላሉ። እኛ በእኔ አሮጌ ጀልባ ነበር የምንዞረው። በየቤቱ ስንደርስ ላንጋይ ተንተባትቦ ይናገራል፤ ሰው ግን የሚንተባተብ ሰው አይዋሽም ብሎ አመነው። በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። የዚያን ቀን ወንዙ በሙሉ ሰከረ ማለት ይቻላል። አኪ ሳባንግ በዚያ ዕድሜው ሲጨፍር ወድቆ ክርኑ ተላጠ።

ምክር ቤቱ ሲከፈት አብሬው ሄጄ ከተመልካች ወንበር ተቀመጥኩ። ላንጋይን ከኋላ፣ ከምሰሶ አጠገብ አስቀመጡት። ስለ ኮረብታችን ሊናገር ተነሳ። «የ... የአያቶቻችን...» ሲል ከፊት ያሉት ሰዎች ሳቁ። ያ ሳቅ የተማሪዎቹ ዓይነት አልነበረም። እንደምንም ነገሩን መሃል ላይ ሲያደርሰው ሰብሳቢው ጊዜው አልቋል አለና ድምፅ ማጉያው ተዘጋ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሌላው ፈተና ጠበቀው። እኛ ዘንድ ተወካይ ማለት መንገድ የሚያስጠርግ፣ ቆርቆሮ የሚያመጣ፣ ለቀብር የሚረዳ ሰው ነው። የልማት ገንዘብ ግን በእሱ እጅ አልመጣም። ለወንዛችን «አስተባባሪ» ተሾመና ገንዘቡ በዚያ በኩል ይፈስ ጀመር። አስተባባሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የተሸነፈው ቶማስ ኡጃን! የፓርቲውን ባንዲራ የሰቀለ ቤት የውኃ ታንከር ያገኛል፤ ያልሰቀለ ሰማይ ሰማይ ያያል። በየወሩ ትመጣ የነበረችው የሕክምና ጀልባ እኛ ጋ መቆም ተወች። ትምህርት ቤቱን ከቤታችን የሚያገናኘው የገመድ ድልድይ ጣውላው እየበሰበሰ ወለቀ።

ላንጋይ ደሞዙን ለሰው አደለ። ሰው በሞተበት ቤት ሩዝ፣ በታመመበት ቤት የጀልባ ነዳጅ። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ያለ ክፍያ ወስጄዋለሁ፤ አራተኛ ጊዜ ክፈል ስለው የሰጠኝ ከሜንጋ ምንጣፍ ሽያጭ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። ስለ ድልድዩ ያላንኳኳው ቢሮ የለም። አንዱ ሹም ወንበር እንኳ ሳይስብለት፣ «የአካባቢው አስተባባሪ ፊርማ ያስፈልጋል» አለው።

ወደ ቶማስ ሱቅ አብሬው ሄድኩ። ቶማስ ከመደርደሪያው ኋላ ብድግ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋለት።

«መምህር! ግባ እንጂ። እኔ እኮ አልጠላህም፤ ሰው ሁሉ እንዲህ እያለ ያባላናል። ድልድዩ ዝግጁ ነው፤ ብረቱ መጋዘን ተቀምጧል፤ ከፈለግህ ሄደህ እየው። አንተ ብቻ ወዲህ ና።»

«ድ... ድልድዩ የልጆች ነው። ከወገን ጋር ምን አገናኘው?»

«ምንም! ምንም አላገናኘውም፤ አገሩ ነው እንዲህ ያደረገው እንጂ እኔ አይደለሁም። እስቲ ሻይ ጠጡ።»

ሻዩን ሳንጠጣ ወጣን። የወንዛችንም ሰው ማጉረምረም ያዘ። «በገዛ ድምፃችን ራሳችንን ቀጣን» ይባል ጀመር፤ በመጀመሪያ በየጓዳው፣ ቀጥሎ በረንዳው ላይ እሱ እየሰማ።

በዝናቡ ወራት ድልድዩ ወደቀ። ልጆቹን በታንኳ ማሻገር ግድ ሆነ። አንድ ጠዋት ከላይ የወረደ ግንድ ታንኳዋን መትቶ ገለበጣት። አብዛኞቹን አወጣናቸው። የአኪ ሳባንግን የልጅ ልጅ ትንሿን ሪናን እና የጎረቤታችን የኢምባንን ልጅ ግን ወንዙ ወሰዳቸው። ሪናን ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ የዛፍ ሥር ላይ ተጠልፋ፣ ቦርሳዋ ከጀርባዋ ሳይወልቅ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልናገርም።

ከቀብሩ በኋላ አኪ ሳባንግ ወደ ላንጋይ ቤት መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ያስማልኩህ እኔ ነኝ» አለ። «የፈታሁህም እኔ ልሁን። አሳማ አርጄ ቃሉን አወርድልሃለሁ። ሂድና ግባ። ድልድዩን አምጣልን።»

«አኪ፣ መሬቱስ?»

«መሬቱ... እኔ አሁን ስለ መሬት ማሰብ አልችልም፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ ሜንጋ ናት ማንም ያልጠበቀውን የተናገረችው። መጀመሪያ አትሂድ ያለችው እሷ አይደለችም እንዴ? አሁንም አትሂድ አለች።

«ዛሬ ከሄድክ ልጆቹ የሞቱት አንተ ስለዘገየህ ነው ማለት ነው» አለችው። «ይሄንን ተሸክመህ እንዴት ትኖራለህ?»

«እሱማ ነው» አለ ላንጋይ። ሳይንተባተብ። «ስለዘገየሁ ነው።»

በማግስቱ ወደ ከተማ ወሰድኩት። ቶማስ ከፓርቲው አንድ ትልቅ ሰው ጋር አገናኘው፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ፣ ዓሣውን ከአጥንቱ ሳይቸኩል የሚለይ ሰው። በምግብ ቤቱ ከአጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

«አንድ ነገር አለኝ» አለ ላንጋይ። «እገባለሁ። በመሬታችን ጉዳይ ግን እጄን አላነሳም።»

«መምህር፣ እኛ የሰው ሕሊና አንገዛም» አለ ትልቁ ሰው። «ድልድይዎን እንሠራለን፤ የሕክምና ጀልባዋም ትመለሳለች። በመሬቱ ነገር እንደ ሕሊናዎ ይሁኑ። እንደ እርስዎ ያለ ንጹሕ ሰው ነው እኮ ለእኛ የሚያስፈልገን።»

ላንጋይ አመነ። እኔም አመንኩ፤ ምን ላድርግ፣ ሰውዬው ሲናገር ዓይኑ እንባ ያዘለ ይመስል ነበር። የፓርቲውን ሸሚዝ አለበሱት፤ ሸሚዙ ለወፍራም ሰው የተሰፋ ነው፤ በውስጡ ጠፋ። ፎቶው በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ። የጀልባ ማረፊያው ላይ ስንደርስ የከተማ ወጣቶች ተሰልፈው እንደ እንቁራሪት ይጮሁ ነበር። በአገራችን ወገን የቀየረ ሰው እንቁራሪት ነው የሚባለው። ላንጋይ በመሃላቸው ሲያልፍ አንዱን ልጅ በስሙ ጠራው፤ አስተምሮት ኖሯል። ልጁ ዝም አለ፤ ሌሎቹ ግን ጮኹ።

የድልድዩ ብረት እውነትም ዝግጁ ነበር። ከዝናቡ በኋላ ሠራተኞች መጡ፤ ከእኛ በኩል ተነስቶ ወደ ወንዙ መሃል ሲዘረጋ ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት እየወጣ ያየዋል። እዚያ መሃል ላይ ቆመ። ሠራተኞቹ እቃቸውን ጠቅልለው ሄዱ። በዚያው ሰሞን የኩባንያውን ውል የሚያራዝም፣ ኮረብታችንን እስከ መቃብሩ የሚጨምር ሐሳብ ምክር ቤት ቀረበ።

ትልቁ ሰው ላንጋይን በአዳራሹ መተላለፊያ ላይ፣ እኔ አብሬው ቆሜ ሳለ፣ አገኘው። ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «ሕሊናዎን አከብራለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው» አለው። «ብቻ የድልድዩ ሁለተኛ ክፍል በጀት ገና አልጸደቀም። እሱንም ዛሬ ነው የምናየው። ማን ለማን እጁን እንደሚያነሳ እንግዲህ...» አለና ሳይጨርሰው ሄደ።

ላንጋይ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል።

«ጋራይ፣ እስቲ አንተ ንገረኝ። ድልድይ ወይስ መሬት?»

«ሁለቱንም ጠይቃቸው እንጂ፣ የሌኛ አባት!»

«ሁለቱንም ጠይቄማ ነው እዚህ የደረስኩት።»

«እንግዲያው ተነስና ውጣ። ወደ ቤት እንሂድ።»

«ሄጄ ኢምባንን ምን ልበላት? አንድ ልጅ ቀርቷት የለ? እሱም በታንኳ ነው የሚሻገረው።»

ይህን ብሎ ወደ አዳራሹ ገባ። ከላይ ሆኜ አየሁት። እጆች ሁሉ ሲነሱ የእሱ አልተነሳም። ቆጣሪው ወደ እሱ ዞረ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ከበደው ሆኖ፣ አነሳው። ያለ እሱም እኮ ያልፍ ነበር! ድምፅ ሞልቷቸዋል። የእሱን እጅ የፈለጉት ለሌላ ነው፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ገባኝ።

ድልድዩ አለቀ። ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው በላዩ ሮጡ። ዶዘሩም መጣ።

የመቃብሩን ኮረብታ ሊነኩ ሲደርሱ ላንጋይ ብቻውን ሄዶ ዶዘሩ ፊት ቆመ። እኔና ጥቂት ሰዎች ከኋላ ተከተልነው። ፖሊሶች ደረሱ። አልመቱት፣ አልሰደቡት። አንዱ ወጣት መኮንን ኮፍያውን አውልቆ በአክብሮት ቀረበውና፣ «ክቡርነትዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለው፤ «ያጸደቁት እኮ እርስዎ ነዎት። ስምዎ እዚህ አለ።» ክንዱን ይዞ እንደ ሽማግሌ አባት ወደ ጥላ ወሰደው። ላንጋይ እንደ ሕፃን ተመራለት። ያን ጊዜ ነው የዚያች እጅ ትርጉም የገባኝ፤ ከእንግዲህ በወንዛችን ማንም ተነስቶ «አይሆንም» ቢል፣ «የራሳችሁ ሰው፣ ለማንም የማያድረው ሰው፣ እሺ ብሏል» ይባላል።

በረንዳው ላይ ተሰብስበው ፈረዱበት። እንደ ልማዳችን አሳማና ማሰሮ እንዲሰጥ ቅጣት ተጣለበት፤ ከፈለ። አኪ ሳባንግ እዚያው ተቀምጦ ሳለ ቃሉን አውርጄለታለሁ ብሎ አልመሰከረለትም። ላንጋይም አላስታወሰውም። ሰው ሁሉ ሲጮህ ልጇን ያጣችው ኢምባን ተነሳች።

«ግማሻችሁ ለምን ገባ ትላላችሁ» አለች። «እኔ ለምን ዘገየ እላለሁ። ለሁላችንም አልሆነም። ግን እናንተ መሬት አጣን ስትሉ እዚህ ቁጭ ብላችሁ ነው፤ እሱ ምን እንዳጣ ማን ጠየቀው?» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «እኔም አልጠይቅህም። አልችልም።» ብላ ገባች።

በሚቀጥለው ምርጫ ፓርቲው ላንጋይን አላቀረበውም። ቶማስ ኡጃንን አቀረበ። ላንጋይ እንደገና ብቻውን ልወዳደር አለ። ሜንጋ ልብሷን እየጠቀለለች፣ «የሌኛ አባት፣ ስምህን ልታጥብ ነው? በዚያ ውኃ?» አለችው። ወደ ልጇ ወደብ ከተማ ሄደች፤ የወሰድኳት እኔ ነኝ። መንገዱን ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረችው፤ «ሩዙን ማሳረር ይወዳል፤ አልፎ አልፎ እየው» አለችኝ። ላንጋይ ተወዳደረ። በየቤቱ ሲደርስ ሰው ምንጣፍ አንጥፎ ያስቀምጠዋል፣ ይመግበዋል፣ አይመልስለትም። ያገኘው ድምፅ የዘመዶቹን ያህል እንኳ አልነበረም። እኔ መርጬዋለሁ። ለምን እንደመረጥኩት ግን ብትጠይቁኝ እንጃ።

ወደ አስተማሪነቱ አልመለሱትም። ዛሬ ከእኔ በር ቀጥሎ ብቻውን ይኖራል፤ የጎማ ዛፍ ልጥ እየበጣ ወተቱን ይሰበስባል፣ ዓሣ ያጠምዳል። በረንዳው ላይ አይወጣም።

ባለፈው ዓመት ከላይኛው ወንዝ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ሲራይ ትባላለች፤ ከተማ ከጠበቃ ጋር ትሠራለች። የእነሱንም መሬት ሌላ ኩባንያ ሊወስደው ነው። ያለ ፓርቲ ልወዳደር ነው ብላ ምክር ፈልጋ ነው የመጣችው። ላንጋይ ሩዝና የቀርከሃ ቡቃያ ሠርቶ አቀረበላት፤ ሩዙ አርሮ ነበር፤ እሷ ግን በላች።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። አይቀየሙኝ። የት ላይ ነው የተሳሳቱት? እኔ እዚያ ጋ ስደርስ እንዳውቀው።»

ላንጋይ ሳህኑን ወደ ጎን አደረገ።

«ፈ... ፈልጌዋለሁ» አለ። «ባልወዳደር መሬቱ ይሄድ ነበር። ወዲያው ብገባ መሬቱ ይሄድ ነበር፣ ልጆቹ ይተርፉ ነበር። ባልገባ ድልድዩ አይሠራም፣ ሌሎች ልጆች ይጨመሩ ነበር። እጄን ባላነሳ... ያለ እኔም ያልፍ ነበር። የት ላይ እንደሆነ ሁሌ እፈልጋለሁ፣ ልጄ። አላገኘሁትም።»

«ታዲያ ልተወው?»

«መተውማ መሬታችሁን መስጠት ነው።»

«ስለዚህ ልወዳደር?»

ላንጋይ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ቀላ። «እኔ እንጃ» አለ። «እኔን አትጠይቂኝ። እባክሽ እኔን አትጠይቂኝ።»

እንዲያውም በየቤቱ አብሯት ዞሮ እንዲናገርላት ልትለምነው አስባ ነበር። እሱ ግን «እኔ አጠገብሽ ከቆምኩ አለቀልሽ» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ከፈተላት።

በማግስቱ በጀልባዬ ወደ ከተማ ወረደች። ማረፊያው ላይ ስንደርስ አንድ የማላውቀው ሰው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ገና እግሯ መሬት ሳይነካ በስሟ ጠራት።

«እህታችን ሲራይ! እንኳን ደህና መጣሽ። ፀሐዩ ከባድ ነው። ምሳ በላሽ?»

«በልቻለሁ» አለች።

«እንግዲያው ቁጭ ብለን ቀዝቃዛ ነገር እንጠጣ። ትንሽ እንጨዋወት። ሌላ ምንም አይደለም።»

ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ልበላት አፌን ከፈትኩ፤ ሞተሩ ጩኸቱ ከባድ ነበር፤ ደግሞስ ምን እላታለሁ? ሌሎች ተሳፋሪዎች እቃቸውን እያቀበሉኝ፣ እየተጣደፉ ነበር። ቀና ስል ሰውዬው ጃንጥላውን ለእሷ አዘንብሎ ወደ መንገዱ ሲሻገሩ አየሁ። ገብታ ተቀመጠች ወይስ መንገዷን ቀጠለች፣ አላየሁም። ገመዱን ፈትቼ ወደ ላይ ተመለስኩ።